ሐያት መጠየቅ እንድትማር ከኮምቦልቻ ቦሌ የሄድንበት ሳምንት

አንድን ሕፃን በስሙ አራት አምስት ጊዜ ጠርተውት ቀና ብሎ እንኳ ሳያይዎት ቀርቶ ያውቃል? ጆሮው አይሰማም ማለት ነው ብለው እያዘኑ ሳለ፣ ጓዳ ውስጥ የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ያው ሕፃን ከግቢ እየሮጠ መጥቶብዎት ያውቃል? ይህ ከገጠመዎት የምጽፈው ለእርስዎ ነው። እኔን የገጠመኝ በእኅቴ በዘይነባ ልጅ፣ በሐያት ነው።

ነገሩ በቅደም ተከተል እንዲገባዎት ከመነሻው ልጀምር። በዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ ኢድ አልፎ ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዕረፍት ሲዘጋ፣ ሐያት ሦስት ዓመት ሊሞላት አራት ወር ይቀራት ነበር። አትናገርም። ዓይኗን ከሰው ዓይን አትገጥምም። የምትፈልገው ነገር ካለ የሰው እጅ አንጓ ይዛ እየጎተተች ወደ ዕቃው ትወስዳለች፤ እጁን እንደ ጭልፋ ትጠቀምበታለች እንጂ የእጁን ባለቤት አታየውም። ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ በመስመር ትደረድራለች፤ አንዱን ያነሡባት እንደሆነ ጩኸቷ ሦስተኛ ቤት ይሰማል።

አባቷ ከማል በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞታል። እናቱ እማ ፋጡማ ሐይቅ አጠገብ ገጠር ይኖራሉ። «ልጅቷን ለእኔ ስጡኝ፤ እኔ ጋ ሰው አያያትም፣ አይስቅባትም» ካሉ ቆይተዋል። ከማል ለዘይነባ እንዲህ ብሎ ቆረጠላት፦ «አንድ ሳምንት ሂጂና ሞክሪ። ቅዳሜ ስትመለሱ እናቴ እዚህ ትሆናለች። ለውጥ ካለ እሰየው። ከሌለ ሐያት ከእሷ ጋር ትሄዳለች።»

እኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። በክረምት ኮርስ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ፣ አትላስ አካባቢ አንዲት ነርስ እንዲህ ያሉትን ሕፃናት እንደምታስተምር ነግሮኝ ነበር። ሲስተር ትርሲት ትባላለች፤ ውጭ አገር በሕፃናት ክሊኒክ ሠርታ የተመለሰች ናት። ደብዳቤ ጻፍኩላት። መልሷ አጭር ነበር፦ «ልጅቷን ብቻ ሳይሆን እናቷንም ይዘው ይምጡ። በአምስት ቀን ልጅ አላስተምርም፤ እናንተን ነው የማስተምረው።»

እሑድ

ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከኮምቦልቻ ተነሣን። እስከ ከሚሴ ደህና ነበርን። እዚያ ሹፌሩ ጡሩንባውን ሲያንባርቀው ሐያት ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ መጮኽ ጀመረች። ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ዞረው፣ «አባብያት እንጂ! ምን ዓይነት እናት ነሽ?» አሏት ዘይነባን።  ሴትዮዋ ግን ያንኑ ቁጣቸውን ሳይጨርሱ ሙዝ ልጠው በሐያት አፍ አኖሩ፤ ጩኸቱም ቆመ። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ሽማግሌ ብርቱካን ሰጧት። ደብረ ሲና ላይ ለምሳ ቆምን፤ የእስላም ቤት ሩቅ ነው ስላሉን ሻይ በዳቦ በላን። እዚያም ባለሻይ ቤቷ አምባሻ ጨመረችላት። ከስድስት ሰው ያህል ተቀብላ፣ አንድም ጊዜ አለመጠየቋን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሕፃናቱ ሁሉ ሲያለቅሱ እሷ ፈገግ አለች። ብርሃን ላይ ስንወጣ አለቀሰች። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ከአውቶቡስ ተራ ሁለት ታክሲ ቀይረን ቦሌ መድኃኔዓለም ደረስን። ያረፍነው የአባቴ የአጎት ልጅ ከሆኑት ከሐጂ ሙሄ ቤት ነው። ሐጂ ከወሎ ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ሱቃቸው ከፊት፣ ቤታቸው ከኋላ ነው። መኝታችን ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል፣ በሳሙና ካርቶንና በስኳር ጆንያ መሐል ሆነ። በዚያ ወር ኮምቦልቻ በስስ አንሶላ ይተኛል፤ ቦሌ ግን ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። የሐጂ ባለቤት እትዬ መሬማ የራሳቸውን ብርድ ልብስ ከአልጋቸው ገፈው አመጡልን። ዘይነባ አይሆንም ብላ ስትግደረደር፣ «አብሽሪ! እኔን ሐጂ ያሞቁኛል» አሉና ሳቁ።

ሰኞ

ከመድኃኔዓለም እስከ አትላስ በእግር ነው የሄድነው። እኛ አገር አውሮፕላን ሲመጣ ልጆች ለማየት ይሮጣሉ። እዚህ ጣሪያ የሚነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ማንም ቀና አይልም። ሐያት መንገድ ዳር በደረቷ ተኛች። የአንድ ቪላ ዘበኛ ከአጥሩ ሥር ወጥተው፣ ምንም ሳይጠይቁን፣ የለበሱትን ካፖርት ከፍ አድርገው እስኪያልፍ ድረስ በጥላ ሸፈኗት። ስናመሰግናቸው፣ «እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ አድርጎኝ ነበር» አሉን።

የሲስተር ትርሲት ትምህርት ቤት የአንድ ግቢ ሰርቪስ ቤት ናት። በውስጧ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛና ሁለት የልጅ ወንበሮች አሉ፤ ግድግዳው ባዶ ነው። ሲስተር በመጀመሪያ ለዘይነባ እንዲህ አለቻት፦ «የልጅሽ ነገር ኦቲዝም ይባላል። ጆሮዋ ደህና ነው። ልክፍት አይደለም፤ ቅብጠትም አይደለም፤ ያንቺም ጥፋት አይደለም። ጠፍቶ የሚያልቅ ነገር ነው ብዬ አላታልልሽም። ግን በዚህ ዕድሜ ብዙ ልትማር ትችላለች።» ዘይነባ ለሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን እንባ እዚያው አወረደችው። ሲስተር ጠበቀቻት፤ ከዚያ፣ «በይ፣ ሥራ እንጀምር» አለች።

አሠራሩን ላስረዳ። ትልቁን ነገር በጣም ትንንሽ አድርጎ መቁረጥ ነው። ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገራል። በልብ እስከ አምስት ተቆጥሮ ይጠበቃል። ካላደረገች ከኋላ በእጅ ትታገዛለች። ባደረገች ቅጽበት የምትወደው ነገር በትንሹ ይሰጣታል፣ ትመሰገናለች። እርዳታው በየጊዜው ይቀነሳል፤ መጀመሪያ ከእጇ፣ ቀጥሎ ከክርኗ፣ በመጨረሻ ጨርሶ። በራሷ ስታደርግ ደብተር ላይ የመደመር ምልክት፣ በእርዳታ ሲሆን የመቀነስ። ስታለቅስ ይቆማል።

ደብተር የሚያሰምር ሰው እኔ ነኝና ደስ አለኝ። ቀድሜ ተነሥቼ ሐያትን ለማስቀመጥ ሞከርኩ።

«መምህር፣ ስንት ጊዜ ነገርካት?» አለችኝ ሲስተር።

«አንድ ጊዜ።»

«ሰባት ነው። ‹ቁጭ በይ የኔ ልጅ፣ ቁጭ በይ እንጂ፣ ነይ ቁጭ› እያልክ። ለእሷ የዝናብ ድምፅ ሆንክባት።»

ዘይነባ ግን አንዴ ብላ ዝም አለች፤ ከኋላ ደገፍ አደረገቻት፤ ሐያት ተቀመጠች። ሐጂ ለመንገድ ካስያዙን ሀላዋ ከሚባል ጣፋጭ ቁራጭ ሰጠቻት። ቀጥሎ የመጣው የሳምንቱ ዋና ትምህርት ነበር፦ አንጓ ጎትቶ መውሰድ ቀርቶ፣ መዳፍን በሰው መዳፍ ላይ አድርጎ፣ ዓይንን አይቶ መጠየቅ። ሲስተር ሀላዋውን ያዘች፤ ዘይነባ ከኋላ ሆና የሐያትን መዳፍ እያገዘች አስነካቻት። ያን ቀን ሁሉም መቀነስ ነበር፤ ግን አላለቀሰችም።

ማክሰኞ

ሐያት ሀላዋውን ስታይ ፊቷን አዞረች። ጠረጴዛው ሥር ገብታ ቀረች። ብስኩት ሞከርን፤ ገፋችው። ከረሜላ ሞከርን፤ ወረወረችው። ወጥተን ስንሄድ ዘይነባ፣ «ሰዒዴ፣ ትናንት ያየሁት ሕልም ነበር እንዴ?» አለችኝ። ቅዳሜ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ረቡዕ

ማክሰኞ ሲስተር «ጠዋት ምን በላች?» ብላ ስትጠይቀን፣ «ዳቦ በሻይ» ብለን ነበር፤ እኛ የምናውቀው ይኸው ነበርና። ረቡዕ ማለዳ ግን ደብተሬን ይዤ ሱቁ ጥግ ተቀመጥኩ። ሐያት ከጓዳ ብቅ እንዳለች ሐጂ ከትልቁ ሀላዋ ቆርጠው በእጇ አኖሩ። እትዬ መሬማ ጨጨብሳ አጎረሷት። የሐጂ ደንበኛ የሆነው ታክሲ ነጂው ሽኩር ለራሱ ሲጋራ ሲገዛ ለእሷ ከረሜላ ገዛ። ሳሙና ልትገዛ የመጣች ሴት ከያዘችው ብስኩት ግማሹን ሰጠቻት። ሐጂ ደግሞ ደገሙ። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ዘጠኝ ጊዜ ተሰጣት። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ የሚያስፈልጋት ምንም ነገር አልነበረም። ደጉ ሰው ሁሉ ቀድሞ መልሶላት፣ ጥያቄ የሚባል ነገር አልቀረላትም ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ለሐጂ በአፌ መንገር አፈርኩ። እንግዳ ሆኜ አስተናጋጄን «አይስጡ» ማለት እንዴት ይሆናል? ስለዚህ አስተማሪ የሚያደርገውን አደረግሁ። የሳሙና ካርቶን ቆርጬ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በሚያምር ጽሕፈት «ማሳሰቢያ፦ ለሐያት ሳትጠይቅ ምንም ነገር መስጠት ክልክል ነው» ብዬ ከሚዛኑ በላይ ሰቀልኩና ወደ አትላስ ሄድን።

ስንመለስ ሱቁ በር ላይ ሰው ቆሞ ይስቃል። ሽኩር ማሳሰቢያውን ጮክ ብሎ እያነበበ ነው። «ሐጂ፣ ለሕፃን ሀላዋ መከልከል ጀመሩ? ነገ ለእኛም ስኳር በማመልከቻ ሊሆን ነዋ!» ሐጂ ካርቶኑን አውርደው፣ ለሁለት አጥፈው፣ ሚዛኑ ሥር አስገቡት። ምሳ ተበልቶ፣ እጃቸውን ታጥበው ከጨረሱ በኋላ ብቻ፣ «ሰዒድ» አሉኝ፤ «አባትህ ቤት እንግዳ ልጅ እጁን ዘርግቶ ነው የሚበላው?»

«አይደለም፣ ሐጂ።»

«እኔ ቤት ታዲያ ለምን?»

 እኛ ስናድግ የሰው ምግብ አትይ ተብለን ነው ያደግነው። እናቴ ጎረቤት ቤት ሳህን ላይ ትኩር ብዬ ስታየኝ ጭኔን ትቆነጥጠኝ ነበር። ያልጠየቀ ልጅ ጨዋ ነው፤ ሳይጠየቅ የሰጠ ሰው ደግሞ ሰው ነው። ሲስተር ትርሲት የምታስተምረን ይህንን ሁሉ ገልብጦ ነበር።

ዘይነባ ጓዳ ወስዳ ገሠጸችኝ። «ሰው በወረቀት ይታዘዛል? ሐጂ ተማሪህ መሰሉህ?»

ሐሙስ

ጠዋት ዘይነባ ራሷ ሐጂ ፊት ቀረበች። «ሐጂ፣ ወንድሜ አጥፍቷል። አንድ ነገር ግን ልለምንዎት፤ ዛሬ አብረውን ይምጡ። አይተው ካልመሰለዎት፣ እንደ ልማድዎ ያድርጉ።» ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። ሱቁን ለእትዬ መሬማ ትተው ዱላቸውን አነሡ።

ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ትልቅ ወንበር የለም። ሐጂ የልጅ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ገና ሲቀመጡ፣ «ሲስተር፣ ሕፃን ማስራብ ትምህርት ነው እንዴ?» አሉ።

«አላስራብም፣ ሐጂ። ዛሬም ቁርሷን በልታለች፤ እንዲቆይላት የምጠይቅዎት ሀላዋውን ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሐያት ውሃ ሲጠማት እንዴት ያውቃሉ?»

«አይቼ ነዋ! ወደ ጀሪካኑ ትሄዳለች፣ ከንፈሯን ትልሳለች። ልጅ አሳድጌያለሁ።»

«እርስዎ ያውቁላታል። ዘይነባም ታውቅላታለች። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ቤት ብትወሰድ፣ እዚያ ያለው ሰው ባያውቅላትስ? እርስዎ እንግዳ ልጅ አይጠይቅ እንደሚሉ መምህር ነግሮኛል፤ መጠየቅ ለሚችል ልጅ ልክ ነው። እሷ ግን መጠየቅ የሚባለውን ነገር ገና አላወቀችውም።»

ሐጂ ወደ ዘይነባ ዞሩ። የቅዳሜውን ነገር ለሲስተር እንጂ ለእሳቸው አልነገርናቸውም ነበር፤ አፍረን ነው። እኅቴ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገረቻቸው።  ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ «አምጪው ሀላዋውን» አሉ።

ሐያት አንጓቸውን ይዛ ጎተተች። ሐጂ እስከ ሁለት እንኳ ሳይቆጥሩ ሰጧት። ሁለተኛም እንዲሁ። «ወላሂ እጄ እንቢ አለኝ!» አሉ ላብ እየጠረጉ።

«በሌላው እጅዎ ይያዙት» አለች ሲስተር። ሁላችንም ሳቅን፤ ሐጂም ሳቁ። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ እስከ አምስት ቆጠሩ። ዘይነባ ከኋላ የሐያትን ክርን ብቻ ነካ አደረገች፤ መዳፏ በሐጂ መዳፍ ላይ አረፈ። ደብተሬ ላይ አሁንም መቀነስ ነው፤ ግን ከክርን ነበር።

ዓርብ

ያን ጠዋት ሐጂ ራሳቸው ሕግ አወጡ፤ ያለ ካርቶን። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ፣ «ለልጅቷ ልትሰጥ ከሆነ በእኔ በኩል ነው» ይላሉ። ሐያት እንቁላሏን በልታ ከጓዳ ወጣች፤ ሀላዋው ጋ ሄደች፤ እንደ ልማዷ የሐጂን አንጓ ይዛ ጎተተች። ሐጂ ቁራጩን በአንድ እጃቸው ይዘው ሌላውን መዳፋቸውን ከፍተው ጎንበስ አሉ። አልሰጡም።

«ሐጂ፣ ልጅቷ ምን አደረገችዎት?» አለ ሽኩር ከበሩ።

«ዝም በል! እየተነጋገርን ነው።»

ሐያት ደጋግማ ጎተተች። አጉረመረመች። ልታለቅስ ከንፈሯን ጣለች። ላግዛት እጄን ስሰድ ዘይነባ የሸሚዜን ኮሌታ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። ሐጂ እየቆጠሩ ነው። ሐያት አንጓውን ለቀቀች። መዳፏን በመዳፋቸው ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና አለች፤ መጀመሪያ ጢማቸውን፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን አየች።

ሐጂ በዚያው ቅጽበት ሰጧት። እትዬ መሬማ እልል እንዳይሉ አፋቸውን በሻሻቸው አፈኑ፤ ድምፅ እንደሚያስደነግጣት ያውቃሉና። «ማሻአላህ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፤ «ይህቺ ልጅ ዛሬ ደንበኛዬ ሆነች።» ሽኩር መኪናውን አስነሥቶ ትቶ መጥቶ፣ «እኔም ልሞክር» አለ፤ ከረሜላ ይዞ በልጅቷ ልክ ተንበረከከ፤ በሦስተኛው ተሳካለት። እስከ ጁምዓ ሶላት ዐሥራ አንድ ጊዜ ተሞከረ፤ አራቱ መደመር ናቸው።

በመጨረሻው ትምህርት ሲስተር ደብተሬን አየችና፣ «አራት መደመር ለውጥ ይባላል ወይ ብለው ቢጠይቁህ፣ አትከራከር። አሳያቸው» አለችኝ።

ቅዳሜ

ለስንቅ እትዬ መሬማ ሀላዋውን በሽምብራ ልክ ቆራርጠው በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡን። በአውቶቡሱ ውስጥ የሰው ደግነት እንደገና ጀመረ። ዘይነባ ሙዝ ለዘረጋላት ሁሉ፣ «አባቴ፣ ይስጧት፤ ግን እስክትጠይቅዎ ይጠብቁኝ» ትላለች። አንዳንዱ ተቀየመ፤ አንድ ወታደር ግን እስከ ደሴ መንገደኛ ነበርና ከሸዋ ሮቢት እስከ ኮምቦልቻ ሲለማመድ ቆየ።

ቤት ስንደርስ እማ ፋጡማ ለሐያት አዲስ ጫማ ገዝተው፣ ልብሷን በጨርቅ ቋጥረው ይጠብቃሉ። ከማል የመኪና ቁልፍ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ደብተሬን ገልጬ ማስረዳት ጀመርኩ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉኝ እማ ፋጡማ። የሲስተር ምክር ትዝ ብሎኝ ዘጋሁት።

ሐያት መንገዱ አስጠምቷት ኖሮ የአያቷን አንጓ ይዛ ወደ ጀሪካኑ ጎተተች። እማ ፋጡማ ኩባያ ሞሉ።

«እማ፣ ትንሽ ይያዙት» አለች ዘይነባ።

«ውሃ? ውሃ ልከልክላት? እኔ ልጅ አስጠምቼ አላውቅም!» ሰጧት። ሐያት ኩባያው ውስጥ እያየች ጠጣች፤ አያቷን አላየችም። ከማል ቁልፉን አገላበጠ። እኔ አለቀ አልኩ።

ዘይነባ ባዶውን ኩባያ ተቀብላ ግማሽ ሞላችው፤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሌላውን መዳፏን ከፈተች። ምንም አልተናገረችም። ሐያት ኩባያውን አየች። የእናቷን አንጓ ለመያዝ ጀመረችና ተወችው። መዳፏን በእናቷ መዳፍ ላይ አደረገች፤ ዓይኗን አየች። ኩባያውን አገኘች።

ከማል ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እማ ፋጡማ፣ «እኔንም እንዲያ ታየኛለች?» አሉ።

«ከጠበቋት ታይዎታለች» አለች ዘይነባ።

«እናቴ፣ ሐያት ትቅርና አንቺን ላድርስሽ?» አለ ከማል።

«የት እሄዳለሁ? መጀመሪያ ትወቀኝ እንጂ!» የተሸፋፈኑበትን ሻል አውልቀው የሐያት ልብስ ቋጠሮ ላይ ጣሉት፤ ከዘይነባ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ኩባያውን ወሰዱ። «በይ ቁጠሪልኝ፤ እኔ እቸኩላለሁ።»

እማ ፋጡማ ሦስት ሳምንት ቆይተው ብቻቸውን ወደ ሐይቅ ተመለሱ። ሐያት ዛሬም አትናገርም። ግን ውሃ፣ ዳቦና መውጣት ትጠይቃለች፤ ከእናቷም ከአባቷም ከአያቷም።

እንግዲህ እርስዎም ይሞክሩት። በቤትዎ ወይም በጎረቤት ሲጠሩት የማይዞር ሕፃን ካለ፣ ነገ ጠዋት የሚወደውን ነገር በትንሹ ይያዙ፤ በዓይኑ ልክ ዝቅ ይበሉ፤ መዳፍዎን ይክፈቱ፤ አንድም ቃል ሳይጨምሩ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ካልሆነ በእጁ ያግዙትና ይስጡት፤ ከዚያ ይድገሙት። እጅዎ እንቢ ካለዎት፣ በሌላው ይያዙት።